ሃያውንም የተጫነው ጨዋ

እንዴት ዋሉ እማማ? አቤት መጋረጃው ሲያምር! በእጅዎ ነው የሰፉት? ለሠርጋችን ብለው?… ምነው እንዲህ መልፋት!

እኔማ ለሦስት ቀን ሥራ አግኝቼ ነበር። አይሳቁብኝ… የመጮህ ሥራ! የሥነ ልቦና ጥናት ነው፤ ሰው ለአለቃ እስከምን ድረስ እንደሚታዘዝ ያጠናሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ተደብቄ ጥያቄ እሳሳታለሁ፤ በተሳሳትኩ ቁጥር ከወዲህ ያለው ሰው፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ አጥኚ እያዘዘው፣ ቁልፍ ይጫናል። ሃያ ቁልፍ። ኤሌክትሪክ የሚይዘኝ ይመስለዋል፤ ሽቦው ግን ከምንም አልተያያዘም። እኔ "ኡኡ!" ነው ሥራዬ። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል? በተከፈለኝ ልክ ጮህኩልዎ!

ብዙው ሰው አምስተኛው ላይ ማጉረምረም ይጀምራል። አንዷ ፀጉር ሠሪማ "እኔ ሰው አላሰቃይም!" ብላ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች። ሥርዓት የላት!

ትናንት ግን አንድ ጨዋ መጣ… አሳዳጊ ያልበደለው! ጫማውን በር ላይ ጠረገ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማኛል። ስድስተኛው ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ይቅርታ ጌታዬ… ይሄ ድምፅ የእጮኛዬን ይመስላል።" ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ! ካፖርት የለበሰው ሰውዬ "ቀጥል" አለው። "እሺ" አለ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ከተጻፈልኝ ወጥቼ "የኔ ሆድ፣ በቃኝ!" አልኩ። "እሷው ናት መሰለኝ" አለ። "ቀጥል።" "እሺ።" ሃያውንም እማማ! አንዷን ሳይዘል! በመጨረሻ ትንፋሼን ውጬ ጸጥ ብል… "ሌላ የምጫነው አለ?" ብሎ ጠየቀ። ትጋቱን አዩልኝ! እኔን ሳያይ አመስግነው ሸኙት።

ምነው ልጅዎ ብርጭቆውን አስቀመጠ? ላበው እንዴ? መስኮት ልክፈትለት?

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ከአንጀት ለጮኸ ግን ሰሚ ይጠፋል ለካ… እሱ ምን ያድርግ? እንዲህ ያለ ታዛዥ ባል የት ይገኛል? ሚስቱ የምትሆነው ሴት አንድ ካፖርት ገዝታ መልበስ ብቻ ነው ያለባት! እኔስ በጩኸቱ ድምፄ ተዘግቷል፤ ለሠርጉ የምደርስ አይመስለኝም። መጋረጃውን አይስቀሉት፣ ይቆይ።

በሉ ልነሳ… ያንን ጨዋ ሰው እግዜር ይባርከው። ከቃሉ የማትወጣ፣ ድምፀ መልካም ሚስት ይስጠው። አሜን ይበሉ እንጂ! ለሷም… ስትጮህ የሚሰማት፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ጎረቤት ይስጣት።