ሃሊማ የመረጠችው ጫማ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፤ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሥራችሁን አቋርጣችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ኃላፊያችን አቶ ያረጋል፣ ይህን አዳራሽ ለማስፈቀድ ስንት ቢሮ እንደተመላለሱ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክትፎውን ያሠሩትንም አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም እንጂ። ቅቤው ሳይረጋ ንግግሬን ለመጨረስ እሞክራለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደክሞኛል። የጡረታ ደብዳቤው የደረሰኝ ዕለት ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ደስ አለሽ ወይስ ከፋሽ?" ይለኝ ነበር። ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም። እንቅልፌ ነው የመጣው። ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ የእግሬ ደም ሥር፣ ሁሉም አብረውኝ ጡረታ ጠይቀዋል። ለነርስ እንዲህ ያለው ድካም አዲስ ነገር አይደለም፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁ።

ከእኔ ጋር የሠራችሁ አንድ ጠባዬን ታውቃላችሁ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው። በአንድ ግምገማ ላይ፣ ያኔ ግምገማ እንደ ዝናብ በሚዘንብበት ዘመን፣ አንዱ ተነሥቶ "ሲስተር ዘነበወርቅ ሰውን በጫማው ትመዝናለች፤ ይህ የአመለካከት ችግር ነው" ብሎ አስመዘገበብኝ። ሰብሳቢው "ሂሱን ትቀበያለሽ?" አሉኝ። "እቀበላለሁ" አልኩ። ምን ላድርግ? ስብሰባው ከጠዋት የጀመረ ነው፤ ምሳ አልበላንም። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ግን ዓይኔ የሰብሳቢው ጫማ ላይ አረፈ። ጥሩ ጫማ ነበር፤ ቀለሙ ከቀበቶው ጋር የተስማማ።

ትናንት እሌኒ፣ እናንተም እንደምታውቋት ከእኔ በኋላ የቁስል ክፍሉን የምትረከበው ወጣቷ ነርሳችን፣ "ሲስተር፣ ስንሰነባበት እስኪ ስለዚህ የጫማ ነገር ንገሪን፤ ከየት የመጣ አመል ነው?" አለችኝ። እነግራችኋለሁ። የመጣው ከሃሊማ ነው።

ሃሊማ ከመስቃን ገጠር እየመጣች ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ቀድሟት አረፈ፤ አንድ ልጇን ሩፋይዳን ያሳደገቻት በዚያው በርበሬ ነው። ወደ እኛ መመላለስ የጀመረችው ከሚሊኒየሙ በዓል ቀደም ብሎ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠው፣ ጣቶቿ መሐል ቆስለው ነበር። ልጅነቷን በሙሉ በባዶ እግሯ ቀይ አፈር ስትረግጥ ኖራ አፈሩ የጎዳው እግር ነው። የበሽታውን ስም ታውቁታላችሁ፤ ገበያ ላይ መሰደቢያ ስላደረጉት እሷ አትወደውም፣ እኔም ዛሬ አልጠራውም። አገሩ ግን ከአፈር ነው ቢሉት አይሰማም። በዘር የሚወርድ ነው ይላል።

በዚያን ጊዜ አንድ ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ጫማ ይልክልን ነበር። ሰፊ፣ ጥቁር፣ በወፍራም ማሰሪያ የሚጠፈር ጫማ። ለሃሊማም ሰጠናት። እግሯን በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ ቅባት ቀብታ እንድታደርገው አሳየናት። በቀጠሮዋ ስትመጣ ግን ያንኑ የተበጣጠሰ ሸበጥ እየጎተተች መጣች።

"ጫማሽስ?" አልኳት።

"ቤት አለ።"

"ጠበበሽ?"

"ኧረ ልኬ ነው።"

"ታዲያ ምነው?"

"ሲስተር፣ አንቺ እሱን አድርገሽ ገበያ ትወጫለሽ?" አለችኝ።

አንድ ባልደረባችን፣ አሁን ሌላ ወረዳ የተዛወረ ነው፣ ከወዲያ ማዶ ሆኖ "ለታመመ እግር ደግሞ ምን ማማረጥ አለ?" አለ። ሃሊማ ዞር ብላ አየችውና "የታመመው እግሬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው" አለችው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እግሬን እየታጠብኩ ይህን ቃሏን አሰብኩት። ሰው ነጠላ ከእህቱ ይዋሳል፤ ቀሚስም ከጎረቤት ይለመናል። ጫማ ግን ከማን ይዋሳል? ሰው ከቤቱ ሲወጣ "እኔ እንዲህ ያለሁ ነኝ" ብሎ የሚረግጠው እሱን አይደለም? ይህች ሴት የምትለብሰውን አይታችሁ ቢሆን! ሻሿ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ቀሚሷ የተተኮሰ። ወደታች ሲደርስ ግን አንድ የማታውቀው ሰው የሰጣትን የወታደር የመሰለ ጫማ አጥልቂ ተባለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሩፋይዳ ታጨች። ልጁ ወልቂጤ የልብስ ስፌት ሱቅ ያለው፣ ጨዋ የሚባል ነው። ሃሊማ ደስታዋን ልትነግረኝ መጥታ አልቅሳ ቁጭ አለች። ልጇም አብራት ነበረች።

"የኒካሁ ቀን እኔ ጓዳ እሆናለሁ። በቦታዬ እህቴ ትቀመጣለች" አለችኝ።

"ምን ሆነሽ?"

"እግሬን ካዩ 'ልጅቱም ይህ ደም አለባት' ይላሉ። ይመልሱብኛል፣ ሲስተር። ስንቷን ሲመልሱ አይቻለሁ።"

ሩፋይዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማ ካልወጣች እኔም አልወጣም። ነግሬያታለሁ" አለች። የቀልዷን እንዳልሆነ ፊቷ ይናገራል።

ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ። "ሃሊማ፣ ምን ዓይነት ጫማ ቢሆን ነው አድርገሽ ሰው ፊት የምትቀመጪው?" አልኳት። እንባዋን ጠረገች። ለካ ስታስብበት የከረመች ናት፤ መልሱ አፏ ላይ ነበር።

"ማሰሪያ የሌለው። ቡናማ። ከጎኑ ዘለበት ያለው። አፍንጫው ድቡልቡል ያላለ።"

"ታኮስ ይኑረው?" ብዬ ቀለድኩባት።

"ትንሽ" አለች። አልሳቀችም።

መናኸሪያው አጠገብ ሀቢቡ የሚባል ጫማ ሠሪ ነበር። ይዣት ሄድኩ። እግሯን ስትገልጥለት ፊቴን አዙሬ የእሱን ፊት እጠብቃለሁ፤ አንድ ነገር ቢናገር ልጣላው ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አየና "ይሠራል" አለ። ቀጥሎ "አሁን ግን እግሩ ይረጥባል፤ ቆዳውን ያበላሽብኛል። ቁስሉ ይድረቅና እብጠቱ ጥቂት ጎደል ሲል ልኩን እወስዳለሁ" አላት።

ከዚያ በኋላ ሃሊማን ማን ይቻላት? ጠዋትና ማታ ትታጠባለች። ማታ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትተኛለች። እኛ ግድግዳ ላይ ፖስተር ለጥፈን፣ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ስለ ንጽሕና ስንለፈልፍ ያልሆነው፣ ያ ገና ያልተሠራ ባለዘለበት ጫማ አስደረጋት። ክረምቱ ሲወጣ ቁስሉ ደርቆ፣ እግሯም ጎደል ብሎ ነበር። ሀቢቡ ለካ፣ ሠራ፣ አንድ ጊዜ አፍርሶ ደግሞ ሠራው። ታኮውን ትንሽ አደረገላት።

ለሠርጉ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ሃሊማ ከፊት፣ ከአማቾቿ ትይዩ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የቀሚሷን ጫፍ ወደታች ስትጎትት አየኋት። ቆይታ ለቀቀችው። የሙሽራው እናት አሚኔ ሰላምታ ልትሰጣት መጣች። ሰላም ተባባሉ። ከዚያ አሚኔ ዓይኗን ወደታች ጣል አደረገች፤ ዓይኗም እዚያው ቀረ። እብጠት እኮ ጫማ ቢያምርም አይደበቅም፤ ቁርጭምጭሚቱ ይናገራል። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ወሬ አቆሙ። ሩፋይዳን አየኋት፤ ተነሥታ ልትሄድ የተዘጋጀች ትመስላለች።

አሚኔ አጠገቧ ተቀመጠች። ድምፅዋን ቀንሳ "ማነው የሠራልሽ?" አለቻት።

"ለምን ጠየቅሽኝ?" አለች ሃሊማ።

"እግሯ እንዳንቺው የሆነ ታናሽ እህት አለችኝ። ያሳደገችው ልጅ፣ ይኸው ሙሽራው፣ እያገባ ከሠርጉ ቀረች። 'ምን አድርጌ ልውጣ?' ብላ ቤት ተቀምጣለች።"

ሃሊማ ጎንበስ አለች፤ ዘለበቱን ፈታች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጫማዋን አውልቃ አሚኔ እጅ ላይ አኖረችው። "እይው። ውስጡ ለስላሳ ነው፤ አይፍቅም" አለቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሽገው የኖረችው እግር ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አሚኔ ጫማውን ገለባብጣ ስፌቱን አየች፤ ዘለበቱን ነካ ነካ አደረገችው። "አብሽሪ፣ ያምራል" አለቻት። ከዚያ ጫማውን ራሷ መልሳ አጠለቀችላት።

ኒካሁ ታሠረ። ሩፋይዳ ዛሬ ወልቂጤ ናት፤ ወልዳ ከብዳለች። የአሚኔ እህት በወሩ እኛ ዘንድ መጣች፤ እጇን ይዛ ያመጣቻት ሃሊማ ናት። እሷም ስትመርጥ ቀይ አለች፤ ሀቢቡ ቀይ ሠራላት። የሃሊማ እግር እንደ ሌላው ሰው እግር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። አልሆነም። አሁንም ሲብስባት ትመጣለች። ግን አጥባ፣ አድርቃ፣ አምራ ትመጣለች።

ይኸው ነው የእኔ የጫማ ነገር። ሰውን ለመመዘን አይደለም የማየው። የትኛውን እንደመረጠ፣ ወይስ ምርጫ እንዳልተሰጠው ለማወቅ ነው። እናንተ ወጣቶች ደመወዝ ስትቀበሉ ጫማ ስትገዙ "ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። ይበል። ሰው የሚያምርበትን ነገር ይንከባከባል፤ የሚንከባከበውም ነገር ይንከባከበዋል። እሌኒ፣ ከእኔ የምትረከቢው ቁምሳጥኑን ብቻ አይደለም። በሽተኛው የሰጠሽውን ሳያደርግ ሲመጣ፣ ከመቆጣትሽ በፊት "የትኛው ይሻልህ ነበር?" በይ። ድካም ሲበዛ ይህ ይረሳል። ሲበዛብኝ እኔም እንዳልረሳው ሃሊማ ትመላለስልኝ ነበር።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። አብረን ያሳለፍነው ዘመን ቀላል አልነበረም፤ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ስብሰባ ሲበዛ ተሳስቀን አልፈነዋል። ለጾመኛውም ለሰጋጁም አንድ አምላክ ነው ያለን፤ እሱ ያክብርልኝ። ልጆቻችሁ ያስከብሯችሁ። ያላገባችሁ የልባችሁን አግኙ። ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፤ እንቅፋት አይምታችሁ። የምትዳብሱት ቁስል ይድረቅላችሁ።

እኔ ነገ ጠዋት አልመጣም። እናንተ ትመጣላችሁ፤ የሚጠብቃችሁም ሰው አለ። ቀና ብሎ እንዲሄድ አድርጉት።