አዲስ መልእክት የለም

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጋሽ ሙራድ ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ካለው መስጊድ ሲወጡ የጎረቤታቸውን ልጅ ከሪማን ድንገት አገኟት። ከሪማ እዚያው ጅዳ ያደገች፣ የኮምፒውተር ትምህርት የጨረሰች ልጅ ናት። ጋሽ ሙራድ ደግሞ የሕንፃ ዘበኛ ይሁኑ እንጂ ሐበሻው ሁሉ የሚያውቃቸው በሌላ ነው፤ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ሲቸግራቸው የሚጽፉበትን ድረ ገጽ ይጠብቃሉ። መልእክት ሲመጣ ለዘመድ ይደውላሉ፣ አሠሪውን ካፊል የሚያነጋግር ሽማግሌም ይልካሉ።

“ድረ ገጹ እንዴት ነው ጋሼ?” አለች ከሪማ።

“አልሐምዱሊላህ! ይኸው ሁለት ወሩ፣ አንዲት ልጅ አቤት አላለችም። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ‘አዲስ መልእክት የለም’ ይለኛል። ማዳሞቹ ልብ ገዙ መሰለኝ። መካ፣ ዛሂር ሰፈር ሥራ የገባችው የእህቴ ልጅ ሀሰና እንኳ ዝም ብላለች። ማዳሟ ሲም ካርዷን ስለወሰደችባት፣ በቤቱ ዋይፋይ በዚያው በድረ ገጹ ነበር የምታማርርልኝ። አሁን ተመችቷታል።”

ከሪማ ፊቷ ተለዋወጠ።

“በቀን ስድስትና ሰባት ይመጣልዎት አልነበር? ጋሼ፣ ይሄ ሰላም አይመስለኝም። ድረ ገጹ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ታድሷል። ድሮ የተጻፈ ነገር በአዲሱ ላይ ሲሠራ አንዳንዱ ይበላሻል። እስቲ ልየው።”

“አይነካም!” አሉ ቆጣ ብለው። “ሮቤል ሠርቶት፣ ከአገር ሲያስወጡት ‘አማና’ ብሎ ነው አደራውን የሰጠኝ። ክርስቲያን ሆኖ በእኛ ቃል አምኖኝ! አንዲት ፊደል ሳልነካ ሰባት ዓመት ጠበቅሁለት። ያልነካሁት ነገር እንዴት ይበላሻል?”

ወይ የእኛ ሰው! መጠበቅ ማለት በር ላይ መቀመጥ ይመስለዋል። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ‘ቋንቋው ሊቀየር ነው፣ ተዘጋጁ’ እያለ ዓመት ሙሉ ሲጽፍላቸው፣ ጋሽ ሙራድ ማስታወቂያ ነው ብለው ሳያነቡ ይሰርዙት ነበር።

“እርስዎ አልነኩትም፤ ከሥሩ ያለው ግን ተቀየረ” አለች ከሪማ ረጋ ብላ። “ልጠይቅዎት። ሰው በግ አማና ቢሰጥዎት፣ አልነካም ብለው ሳያበሉ ሳያጠጡ ያስቀምጡታል?”

“አስተግፊሩላህ! ይሞታላ!”

“ቢሞትስ አማናውን ጠበቁ ይባላል?”

“ብታበላሺውስ?” አሉ ጋሽ ሙራድ።

“መጀመሪያ ሙሉውን እገለብጥና ቅጂው ላይ እሞክራለሁ። እስኪሳካ ድረስ ዋናውን አልነካም።”

“እንግዲያስ ያላ፣ ቢስሚላህ በይ።”

የዘበኛው ክፍል ገቡና ከሪማ ላፕቶፗ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አቀረቀረች።

“አገኘሁት” አለች። “ሮቤል በየመልእክቱ ላይ ያለውን ‘አዲስ’ የሚል ቃል ከዜሮ ጋር አወዳድር፣ እኩል ከሆኑ መልእክቱን አሳይ ብሎ ጽፏል። የድሮው ቋንቋ ቃልና ዜሮ እኩል ናቸው ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ አዲሱ አይደሉም ይላል። መልእክቱ ይገባል፣ ለላከችውም ‘ደርሶናል’ ይላታል። ለእርስዎ ብቻ አይታይም። ተሳስቻለሁ ብሎ እንኳ አይናገርም።”

አንዲት መስመር አስተካከለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ግር ብሎ ወጣ።

የጋሽ ሙራድ ዓይን የሀሰናን ስም ፈለገ። ሦስት ጊዜ ጽፋለች። በመጀመሪያው፣ “አጎቴ፣ ማዳም በር ቆልፋብኛለች።” በሁለተኛው፣ “አሞኛል፣ ድረስልኝ።” ሦስተኛው ከተላከ ወር አልፎታል። “ስልኬን ሊቀሙኝ ነው። ደርሶናል ይለኛል እኮ። ከደረሰህ ለምን ዝም አልከኝ?”

“ያ አላህ! እሷ እንዲህ ስትል እኔ አልሐምዱሊላህ እል ነበር!” ብለው ራሳቸውን ያዙ። ካፊሏ ጋ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱ ከከሪማ ጋር መካ፣ ዛሂር ድረስ ሄዱ። ቤቱ ባዶ ነው። ጎረቤትየው፣ “ለቀዋል፤ የት እንደገቡ አላውቅም፣ ኸላስ” ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

ከዚያ ወደ ጅዳ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ከሪማ፣ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ድርጅቱ የሚልከውን ማስጠንቀቂያ እኔ አነባለሁ” አለች። “ቋንቋው ከመቀየሩ በፊት ቅጂው ላይ እንሞክራለን። በየሳምንቱም ራሳችን መልእክት ልከን መታየቱን እናረጋግጣለን። ያኔ የአንዲት ልጅ ጩኸት ተቀብሮ አይቀርም። ትናንት እንኳ ለዘጠኝ ልጆች ዘመድ ደውለናል፤ ሁለቱ ከአሠሪ ቤት ወጥተዋል።”

“እውነትሽን ነው። አለመንካት መጠበቅ አይደለም፤ ለሮቤልም እነግረዋለሁ። እኔን አሳምነሽኛል፣ ልጄ” አሉ ጋሽ ሙራድ እንባቸው እየወረደ። “አውቄ ዝም እንዳላልኳት ለሀሰና ማን ይንገርልኝ?”