የበለጥሻቸው ቦይለሮች

(በደብረ ብርሃን አንድ ሰፈር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዓመት ሙሉ ቂሟን ስታብላላ የከረመችው በለጥሻቸው ከሻወር ቤቷ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣለች፤ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘውገ ያልተፈረመ ወረቀት ይዘው ፊቷ ቆመዋል። ከኋላቸው ከተደረደሩት የሻወር ክፍሎች የሚወርድ ውሃ ይሰማል።)

በለጥሻቸው፦ አልፈርምም አልኩ እኮ ጋሽ ዘውገ። ስንቴ ልበል?

ጋሽ ዘውገ፦ እስቲ ሳትቆጪ ስሚኝ። የተጠገነው ትራንስፎርመር ማታ ማታ አልችል ብሎ ሰፈሩ በጨለማ አለቀ። መብራት ኃይሎች አዲሱን የሚተክሉልን ደግሞ ያንቺ አራት ቦይለሮች ወደ ፈረቃው ውል ከገቡ ብቻ ነው። እንዳንቺ መብራት የሚጎትት የለማ።

በለጥሻቸው፦ ሲገቡበትስ ምን ያደርጋሉ?

ጋሽ ዘውገ፦ ቀን፣ መብራት ሲተርፍ፣ ውሃውን ያሞቁታል። ማታ፣ ሰዉ ሁሉ እራት ሲሠራ፣ እነሱ ያርፋሉ። በርሜሉ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያመሽ ደንበኛሽ ምንም አይጎድልበትም። ጎተራ በይው፤ በጥጋብ ጊዜ ሞልቶ በችግር ጊዜ መክፈት ነው።

በለጥሻቸው፦ አምናም ይህንኑ ጎተራ ነግረውኝ ነበር። ቦይለሩን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመር በገዛ እጅዎ ገጠሙልኝ። በወሩ ትራንስፎርመሩ ነደደ።

ጋሽ ዘውገ፦ ያለፈው አለፈ።

በለጥሻቸው፦ ለማን? «ቀን አሙቂ ብንላት ማታ እያሞቀች አነደደችው» ብለው፣ ጉባኤ ፊት አቁመው ከዕድር ያሰረዙኝ እርስዎ ነዎት። በአሥራ አምስተኛው ቀን እናቴ ሞተች። ድንኳን የለ፣ ቀባሪ የለ። የቀን ሠራተኛ ከአደባባይ ለምኜ ነው ሬሳዋን ያሸከምኩት። አንደኛው፣ ለወጉ እንኳ ላልቅስላት ብሎ ስሟን ጠየቀኝ።

ጋሽ ዘውገ፦ ምን ላድርግ፣ የዕድር ደንብ ነው።

በለጥሻቸው፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጋሽ ዘውገ፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ልጄ።

በለጥሻቸው፦ እኔ መች ልጸልይ አልኩ?

ጋሽ ዘውገ፦ ነገ እኮ የዳኛ ምርጫ ነው። መብራት አመጣለሁ ብዬ ለሰፈሩ ቃል ገብቻለሁ። በስተርጅና ልታዋርጂኝ ነው?

በለጥሻቸው፦ ትናንት የመብራት ኃይሏ መሐንዲስ መጥታ ታይመሮቼን ከፍታ አየቻቸው። ለመሆኑ ሲገጥሙልኝ ሰዓቱን ከየት አይተው ነው የሞሉት?

ጋሽ ዘውገ፦ ከየት ይሆናል፣ ከእጄ ሰዓት ነዋ።

በለጥሻቸው፦ የእጅዎ ሰዓት የሚቆጥረው በእኛ ነው። ታይመሩ ግን ፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀሩት። በቀትር መሞቅ የነበረበት ውሃ ሁሉ፣ ልክ ሰዉ እራቱን ሲሠራ ሞቀ። የእኔም፣ እርስዎ የገጠሙላቸው ጎረቤቶችም።

ጋሽ ዘውገ፦ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች።

በለጥሻቸው፦ እርስዎ ግን አውቀው ነበር። በነደደ ማግስት ከሰዉ ቤት እየዞሩ ነቀሉት። የእኔን ብቻ ተዉት፤ ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ያስፈልግ ነበራ።

ጋሽ ዘውገ፦ ይህን ለማን ነገርሽ?

በለጥሻቸው፦ ለማንም። ከአፍዎ ልስማውና እፈርማለሁ።

ጋሽ ዘውገ፦ በቃ፣ ይኸው ብቻ?

በለጥሻቸው፦ ይኸው ብቻ።

ጋሽ ዘውገ፦ በይ እሺ። ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።

በለጥሻቸው፦ አልሰማሁም።

ጋሽ ዘውገ፦ እኔ ነኝ አልኩሽ! በማግስቱ ገብቶኛል። ዳኛው አጠፋ ከሚባል ሴትዮዋ አጠፋች ቢባል ይሻላል ብዬ ነው። በቃሽ? ነገ ጉባኤ ላይ ብታነሺው ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ እክዳለሁ። ማን ያምንሻል?

በለጥሻቸው፦ ወረቀቱን ያምጡት። ይኸው፣ ፈረምኩ። አሁን ዘወር ብለው ክፍሎቹን ይስሟቸው ጋሽ ዘውገ፤ ሁሉም ውሃውን ከዘጋ ቆይቷል። የዕድሩ ጸሐፊም ሳሙናቸውን እንደያዙ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ቆመዋል።