ባሕር የበላው አጎት

ኢክራም! ከሞርሲቶ መቼ ገባሽ? ግቢ፣ ግቢ… ጨርቁን ወደዚያ ገፋ አድርጊና ተቀመጪ። እህትሽስ በሰላም ተገላገለች? ወንድ? ማሻ አላህ! ያሳድገው። እኔማ ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ልፈልግሽ ልነሣ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ የከተማችን ሙያ ፍለጋ ሆኗል፤ አልሰማሽማ!

አይ፣ ጋሼን አትፈሪያቸው፤ ደንበኛ ናቸው። ለሠራተኞቻቸው ያዘዙትን ሸሚዝ ሊወስዱ ነው የመጡት። እስከ ዛሬ ትዕዛዙን የምታመጣው ሠራተኛቸው ነበረች፤ ዛሬ ራሳቸው እግራቸውን አነሡልን። ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረኝ። እስከዚያ እኛ የሴት ወሬያችንን እናውራ… እርስዎ አይስሙን።

ምን መሰለሽ ኢክራም፤ እዚሁ ሆሳዕና ውስጥ አንድ የተከበሩ ሰው አሉ። ስማቸውን ተዪው፤ ስም ምን ያደርጋል? እንደ እሳቸው ዘመድ ወዳድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አንቺ ዘመድሽን ስትወጂ ምን ታደርጊያለሽ? ሄደሽ ትጠይቂዋለሽ፤ ሲታመም ታስታምሚዋለሽ። ይሄማ የእኔና የአንቺ ቢጤ ፍቅር ነው፤ ማንም ያደርገዋል። እሳቸው ግን የሚወዱትን ዘመድ አዲስ አበባ ድረስ ወጥተው ከመዝገብ ውስጥ ያስቆፍራሉ!

አጎታቸው ነው፤ የአባታቸው ታናሽ ወንድም። ዳኘ ይባላል። በወጣትነቱ ከአሰብ በንግድ መርከብ ተሳፍሮ የወጣ ሰው ነው። ጅዳ፣ ቦምቤይ፣ ሮተርዳም… ያላየው ወደብ የለም። ታዲያ እነሱ ቤት ስለ እሱ ሲወራ፣ "ካፒቴን ነበር፤ ባሕር በላው" ነው የሚባለው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይሉ የለ? የሞተ አጎት ደግሞ ማዕረጉ ነው የሚረዝመው። በፊት በፊት መርከበኛ ነበር። ሰውየው ሹመት ሲያገኙ እሱም የመርከብ ሹም ሆነ። ፔንሲዮን ማሠራት ሲጀምሩ ካፒቴን ሆኖ አረፈው። ሕንፃው ሌላ ፎቅ ቢጨመርበት እኮ አድሚራል ነበር… ሲሚንቶ ተወደደና ተረፈ!

ፔንሲዮኑን በስሙ ሊሰይሙለት አሰቡ። "ካፒቴን ዳኘ ፔንሲዮን"። ግን የተማሩ ሰው ናቸዋ፤ በወሬ ብቻ አይሆንም፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በፍሬም ሆኖ እንግዳ መቀበያው ላይ መሰቀል አለበት። እናም አዲስ አበባ ወጡ። የድሮ መርከበኞች ፋይል የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ገብተው፣ ነገ ተመለሱ ሲሏቸው ነገ እየተመለሱ፣ አቧራ ጠጥተው ከረሙ። ውጭ አገር ላሉ ወደቦች ሳይቀር ኢሜይል ጽፈዋል አሉ። ሮተርዳም ድረስ! ይሄ ፍቅር ካልሆነ ፍቅር ምንድነው? "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚል ሰው ሰነፍ ነው። ለእሳቸው ከቅርብ ዘመድ የሩቅ መዝገብ ይሻላል።

"ይሄን ሁሉ በምን አወቅሽ?" አልሽ በልብሽ… ተደውሎልኝ ነዋ! አንድ ቀን እዚሁ ሲንጀር ስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት። "የአቶ ዳኘ ቤተሰብ ነሽ?" አለችኝ። "ነኝ።" "አንድ ሰው የሟች አጎቴን ፋይል ስጡኝ ብለው እዚህ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ፋይሉን ስገልጠው፣ ባለቤቱ ራሳቸው በቅርብ ዓመት የአገልግሎት ማስረጃ ጠይቀው፣ መገናኛ ብለው የአንቺን ስልክ አስመዝግበዋል። ግራ ገባኝ፤ ሰውየው ሞተዋል ወይስ አሉ?" "ቆዪኝ፣ ራሳቸውን ልጠይቃቸው" ብዬ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።

አዎ፣ ለአባቴ! ምን ትደነግጫለሽ? አንቺ እንደ አገሩ ሰው "አባ መርከብ" እያልሽ ስለምትጠሪው ነው እንጂ፣ የመዝገብ ስሙ እኮ ዳኘ ነው። ያን ቀን ከሺንሺቾ ሊጠይቀኝ መጥቶ አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ላይ ነበር። ስልኩን ተቀበለና "አለሁ ልጄ፣ ትንሽ ጉንፋን ብቻ ነው የያዘኝ" አላት።

ምነው ጋሼ? ወንበሩ ቆረቆረዎት? ትራሱን ይደገፉ… አሁን እኮ ነው የምጨርስልዎት። አየሽ ኢክራም፣ እዚህ የጋሼ ሸሚዝ ኪስ ላይ የጠለፍኩት መልህቅ አያምርም? እኔ መልህቅ የት አውቄ! በእርሳስ ነድፎ የሰጠኝ አባቴ ነው።

እና ልጅቷ ሰውየውን ምን አለቻቸው? "ጌታዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አጎትዎ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ፋይል ደግሞ ያለ ፊርማው አይሰጥም።" እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ሰው የሞተ አጎቱ ሲነሣለት ምን ይላል? እልል ይላል፣ መሬት ይስማል። እሳቸው ምን አሉ መሰለሽ? "ፊርማው የግድ ነው ወይ?" አሉ። ልጅቷ ናት ኋላ የነገረችኝ። ደስታ ሲበዛ እኮ ምላስ ያስራል…

አባቴ እንዴት ሺንሺቾ እንደቀረ ነግሬሽ አላውቅም አይደል? በሰማንያ ሦስት፣ አገሩ ሲገለባበጥ፣ ከመርከቡ ወርዶ ከአሰብ የወጣው በጭነት መኪና ነው። መኪናውን የሚነዳው አጎቴ ናስረዲን ነበር፤ የሺንሺቾ ልጅ። አባቴን ወባ ጨርሶት ነበርና ናስረዲን "ይሄ ሰው መንገድ ላይ ይሞትብኛል" ብሎ እናቱ ቤት አስተኛው። እህቱ ዛሂራ አጥሚት እያጠጣች፣ እየገለበጠች አዳነችው… ኋላ የእኔ እናት ሆነች። አባቴ በደስታ "ድኛለሁ፣ አግብቻለሁም" ብሎ እዚህ ሆሳዕና ላለው ታላቅ ወንድሙ ላከ። ማንን እንዳገባ ሲሰሙ መልሱ ምን ሆነ? "የእኔ ወንድም ባሕር ውስጥ ቀርቷል።" በቃ። ይሄን ያሉት የሰውየው አባት ናቸው። ልጅየው ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ ምን ያውቃሉ? አልፈርድባቸውም። እኔ ፈርጄ አላውቅም።

አድገው፣ ተምረው፣ ኃላፊ ሲሆኑ ግን የት ተመደቡ መሰለሽ? ሺንሺቾ! ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጡትስ የት? እናቴ ሻይ ቤት! እኔ ያኔ እዚህ ስፌት እማር ነበር። አባቴ ገና በበሩ ሲገቡ በጆሯቸው ለያቸው፤ ቁርጥ የወንድሙ ጆሮ። ስማቸውን ሲሰማማ አረጋገጠ። እናቴ "ንገረው እንጂ" ስትለው "ሥራ ይበዛበታል፤ ሲመቸው ራሱ ይጠይቀኝ የለ" እያለ ዝንጅብሉን አብዝቶ ያቀርብላቸዋል። እሳቸውም "አባ መርከብ፣ ሻይህ ግሩም ነው" ብለውት ይወጣሉ። ባሕር በሌለበት አገር አንድን ሽማግሌ ሁሉ "አባ መርከብ" ሲለው፣ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ… የትልቅ ሰው ወግ አይደለማ! ሮተርዳምን መጠየቅ ነው እንጂ።

ለፊርማው ታዲያ አድራሻውን ከልጅቷ ተቀብለው ሺንሺቾ ወረዱ። አባቴ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሥቶ "ዛሂራ! የወንድሜ ልጅ መጣ! ዶሮ ይያዝ!" አለ። ይሄን ቀን ስንት ዘመን እንደጠበቀው እናቴ ታውቃለች። እሳቸው ከደጃፉ አላለፉም፤ "መኪና አቁሜያለሁ" አሉ። አባቴ መነጽሩን ፈላልጎ ፈረመላቸው። ብዕሩን ሲመልስ "ወንድሜስ ደህና ነው?" አላቸው። "አርፏል እኮ… ቆየ" አሉትና ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። አየሽ ጨዋነት? ሌላው ሰው ሲያረዳ ጎረቤት አስከትሎ፣ ጮኾ፣ ሰው አስደንግጦ ነው። እሳቸው ግን በቁማቸው፣ በለሆሳስ… መኪናውን እንኳ ሳያጠፉ።

ዶሮው ተለቀቀ። አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሺንሺቾ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እየመጣ አብሮት ተቀመጠ። የማያውቁትን ሰው አለቀሱለት። ከሆሳዕና ዘመድ የመጣ ግን አልነበረም… ምን ይደረግ፣ ዘመዱ መዝገብ ሊያወጣ አዲስ አበባ ሄዶበት!

መዝገቡም ወጣ። ምን ይላል? "ምግብ አብሳይ"። አባቴ ያን ሁሉ ዘመን የመርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የኖረው፤ ደብቆም አያውቅ። ማዕበል ሲነሣ ድስቱን እንዴት በገመድ እንደሚያስር ሲያወራልን ነው ያደግነው። እና ሰውየው ወረቀቱን ቀደዱት? ኧረ በስመ አብ! በፍሬም አስገቡት። ፍሬሙ ብቻ ትንሽ ጠበበና፣ ሥራው የተጻፈበት መስመር ከእንጨቱ ሥር ገባ። አናጺ እኮ ዘንድሮ ልክ አያውቅም… ዘመድ ከዘመዱ ይባል ነበር፤ ካፒቴን ደግሞ ከፍሬሙ።

ባለፈው እሑድ ምርቃቱ ሆነ፤ አንቺ ሞርሲቶ ሆነሽ ቀረብሽ። አባቴ የሰማው ከሚኒባስ ሾፌር ነው። "ስሜን በትልቁ ጽፎታል አሉ!" ብሎ ደስ አለው። የጥሪ ካርድ አልደረሰውም፤ ለሞተ ሰው ማን ካርድ ይልካል? ነጭ ኮቱን አስተኩሶ መጣ። እኔ እስከ በሩ ሸኝቼው እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳው ላይ የወጣትነት ፎቶው ጥቁር ሪባን ታስሮበት፣ ሻማ በርቶለት ተሰቅሏል። ባሕር የበላው ሰው ደግሞ ከፎቶው ሥር ቁጭ ብሎ ክትፎ በቆጮ ይበላል… አስጨመረም!

ሰውየው ማይክ ይዘው ንግግር አደረጉ። አለቀሱም። እውነተኛ እንባ ነው፤ አልዋሽም። "አጎቴን አንዴ ባገኘው እግሩን አጥቤ በጠጣሁት ነበር" ሲሉ አባቴ ቀስ ብሎ ጫማውን አየ። ይኼኔ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ "አባት፣ ካፒቴኑን ያውቁት ነበር?" አሉት። ድምፃቸው ጎላ ስለሚል ሁሉም ዞረ። ሰውየው ማይኩን እንደያዙ ቀጥ አሉ። አንዲት ቃል እኮ ናት የምትበቃው… አባቴ እጁን ጠረገና "በደንብ ነዋ! ጥሩ ሰው ነበር። አንዳንዴ ግን ወጥ ያሳርር ነበር" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውየውም ከሁሉ አብልጠው ሳቁ። ከዚያ "አባታችን ደክሟቸዋል፤ ባጃጅ ጥሩላቸው" አሉ። አሳቢ እኮ ናቸው!

መናኸሪያ እስክንደርስ ባጃጁ ውስጥ ጮኽኩበት። "ለምን አልተናገርክም? ለምን 'እኔ ነኝ' አላልክም?" እሱ ምን አለኝ? "ልጄ፣ ሰው እንዲያ አምርሮ ሲያለቅስልሽ ተነሥተሽ አታሳፍሪውም። ደግሞ ጥሩ አድርጎ ነው ያለቀሰው።" ሳቀ። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ሺንሺቾ ገባን።

ይኸው ነው እንግዲህ። በሉ ጋሼ፣ ሸሚዝዎ አልቋል፤ ምነው ገና ሳልጠቀልለው ተነሡ? ይቀመጡ እንጂ፤ ወሬ አቋርጦ መውጣት ደግ አይደለም፤ ምርቃቱ ቀርቷል። እኔ እኮ በሰውየው ቂም የለኝም ኢክራም፤ ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ። በእናቴም በአባቴም ጸሎት ልመርቃቸው… ዕድሜ ይስጣቸው፤ እስኪሸብቱ፣ ምርኩዝ እስኪይዙ ያቆይልን። ቤታቸው እንግዳ አይጣ። የወንድሞቻቸው ልጆች ይማሩላቸው፣ ይሾሙላቸው፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ይሥሩላቸው። እሳቸውም አርጅተው፣ ዘመድ ናፍቋቸው፣ በር በሩን የሚያዩበት ቀን ሲመጣ… እሳቸው አጎታቸውን እንደፈለጉት፣ ልክ እንደዚያው አድርጎ የሚፈልጋቸው ዘመድ አያሳጣቸው።

አሜን በይ ኢክራም። ጋሼ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ… በምርቃት ዝም አይባልም።