ከልቅሶ የማይቀሩ ሰው

ደሪቱ ልክ ከቦርዱ ሰብሳቢ ጀርባ የተቀመጠችው ሌላ ወንበር ጠፍቶ አልነበረም። ቦሌ ያለው የሆቴሉ አዳራሽ ገና ግማሹ ባዶ ነው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ደሪቱ በሩን ታያለች። አጠገቧ ፈዲላ አለች፤ ከአክስቷ አክሲዮን ወርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባለአክሲዮኖች ስብሰባ የመጣች ወጣት ናት። ደሪቱ ወደ እሷ ዞረች፤ ድምፅዋን ግን የፊተኛው ረድፍ እንዲሰማ አድርጋ ለቀቀችው።

«ወንበሩ ይመቻል አይደል የኔ ልጅ? በርጩማ ለለመደ ሰው እንቅልፍ ያመጣል። እኔን ከመገናኛ እዚህ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ አንቺስ እንዴት መጣሽ? … ሱቄንስ ታውቂያታለሽ? ኢምፔሪያል ጋ፣ የገበያ ማዕከላችን ግራውንድ ላይ፣ ክርና ቁልፍ የምሸጥባት።

«የዛሬውን አጀንዳ አየሽልኝ? ለእኛ ታስቦ እኮ ነው! ግራውንዱ ለአንድ ሱፐርማርኬት ይሰጥና እኛ ትንንሾቹ አራተኛ ፎቅ እንወጣለን። አየር እንድናገኝ ይሆናላ። ሊፍቱ አይሠራም… እሱም ለጤናችን ነው። አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ፍለጋ አራት ፎቅ የሚወጣ ደንበኛ ልቡ አይጠነክርም? ሱፐርማርኬቱ የአንድ ሰው የሚስት ወንድም ንብረት ነው ይላሉ… እኔ አላልኩም። ደግሞስ ዘመድ መውደድ ምን ነውር አለው?»

የሰብሳቢው እጅ ወረቀት ማገላበጡን አቆመ።

«እኔ የማውቃቸው አንድ ደግ ሰው አሉ… ስማቸው ምን ያደርግልሻል? ከልቅሶ አይቀሩም። ባለአክሲዮን ቤት ሰው ሞተ ከተባለ፣ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ ሳይጨርስ እሳቸው ተቀምጠው ታገኛቸዋለሽ። ኦቦ ገመዳ ልጃቸውን የቀበሩ ቀን አጠገባቸው ማን ነበር? እሳቸው። ስመኝ እናቷ ሲሞቱባት? እሳቸው። ባዶ እጃቸውንስ መች ይመጣሉ! ወረቀት ይዘው፣ እስክሪብቶ ይዘው… ‹እዚህች ጋ ፈርሙልኝ›። እኛ የልቅሶ ደራሽ መዝገብ መሰለን። እድር ያስፈርማል፣ መሥሪያ ቤት ያስፈርማል፣ በእንባ የታወረ ዓይን ምኑን ያነባል? የእኔ ባል የሞተ ጊዜማ ሶፍት ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው ሶፍት፣ በአንድ እጃቸው እስክሪብቶ… እንዲህ ያለ አዛኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እዚህ ላይ ቀልዱ ሸሻት። አክሲዮኑን እሷና ባሏ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍተው በሁለታቸው ስም የገዙት ነው። ያን ቀን የፈረመችው ወረቀት በስብሰባ ድምፅ የመስጠት መብቷን ለሰብሳቢው የሚሰጥ ውክልና መሆኑን ያወቀችው ግን ባለፈው ሳምንት ነበር። በሰውየው ብቻ አልተናደደችም፤ ሳታነብ በፈረመችው በራሷም ጭምር ነው። አሁን እሷ የጠራቻቸው ሰዎች ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ካልደረሱ፣ የሱቋ ነገር አበቃለት። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ሲያነሱ አየች። ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች።

«ለካስ ውክልና ኖሯል! የሐዘንተኛውን ሁሉ ድምፅ ብቻቸውን ተሸክመውልን መጡ… አይከብዳቸውም? አንጀቴን በሉት። የማኅበሩን ጸሐፊ ብጠይቃት፣ ‹ባለቤቱ በአካል ከተገኘ ውክልናው ይቀራል› አለችኝ። ታዲያ እኒህን ደግ ሰው ላሳርፋቸው ብዬ፣ ልቅሶ ለደረሱለት ሁሉ እየደወልኩ…»

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ገመዳ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። ከኋላቸው ስመኝ፣ ከስመኝ ኋላ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ተከተለ፤ ግማሹ ገና ጥቁሩን አላወለቀም። ጸሐፊዋ የውክልናውን ዝርዝር ዘርግታ ስም በስም መሰረዝ ጀመረች። የሰብሳቢው አንገት ላይ ላብ ወጣ። ደሪቱ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ለፈዲላ ሰጠቻት፤ ወደ ፊት እንድታቀብልላት በዓይኗ ጠቆመቻት።

«አየሽ፣ የእኛ ሰው ውለታ አይረሳም! እኔ ደሃዋ እንግዲህ ከምርቃት ሌላ ምን አለኝ? ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፣ መቶ ዓመት ይኑሩልን። ያቺ የማትቀር ቀን ስትመጣ ደግሞ… ድንኳናቸው ይሙላ፣ ልቅሶ ደራሹ ሁሉ በአካል ይምጣላቸው፣ በውክልና የሚያለቅስ አንድም ሰው አይኑር። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ!»