የአባታችን ድምፅ

ከጎረቤላ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴትና አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ተዋውቀው ያወራሉ።

“ወንድሜን ላመጣ ነው አባባ። የአባታችን ሙት ዓመት ደርሷል፤ እሱ ግን አልመጣም አለ።”

“ምን ሆኖ ነው ልጄ?”

“አባታችን መሪጌታ ነበር። ወንድሜ ዜማውን እየቀዳ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦት ነበር። በቀደም ቦታ ላስለቅቅ ብሎ የማይፈልገውን ሲያጠፋ፣ የአባታችንን ድምፅ አብሮ አጠፋው።”

“ማሽኑ ‘ላጥፋው ወይ?’ ብሎ አይጠይቅም?”

“እሱ እንደኛ በጣት እየነካ አይደለም የሚሠራው፤ ትእዛዝ እየጻፈ ነው። በጽሑፍ ሲያዙት አይጠይቅም አሉ፤ ያሉትን ያደርጋል። በሚያጠፋው ፋይል ስም መሀል አንዲት ክፍት ቦታ በስህተት ገብታ ስሙን ለሁለት ብትከፍለው፣ ማሽኑ የአባታችን ድምፅ ያለበትን ፎልደር በሙሉ ጠራርጎ አጠፋው።”

“ሌላ ቦታ አላስቀመጠውም?”

“ዛሬ ነገ ሲል ቀረ። አሁንማ ሳይጠይቅ እንዳያጠፋ አድርጎ አስተካክሎታል። ምን ያደርጋል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።”

“እናታችሁስ ሰሙ?”

“ሰማች። ማታ ማታ በስልክ እየደወለ ያሰማት ነበር፤ ያንን ዜማ ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።”

“ተቀየሙት?”

“እሱ የሚፈራው ይኼንኑ ነው። እሷ ግን አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ‘ሂጂና ልጄን አምጪልኝ፤ ሲናገር እኮ ድምፁ የአባቱ ነው’ አለችኝ።”

እኔም የአባቴ ድምፅ ያለበትን ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና፣ ማንም ጋ ሳልደውል እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በእጄ ይዤው ሄድኩ።