ፈረሲቱ አልሄድም ስትል

ከመካነ ሰላም ወጥተን የደንቆሮን ጫካ እያቋረጥን ነው። የተቀመጥኩባት ፈረስ የዘይነባ ናት። ዘይነባ አረብ አገር ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ አሁን መንገደኛ በፈረስ እያደረሰች ትኖራለች። እሷ በእግሯ ከፊት፣ እኔ ኮርቻ ላይ ሆኜ አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ መሃል ቁልቁለቱን ስንወርድ ፈረሲቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ባባብላት፣ በእግሬ ብኮለኩላት ንቅንቅ አልል አለች። ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው። ንድድ ብሎኝ በአለንጋው ሁለት ጊዜ ሸነቆጥኳት።

"በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይምቷት!" ብላ ዘይነባ ሮጣ መጣች።

"ለግማ እኮ ነው!"

"መለገሟን በምን አወቁ?"

አስወርዳኝ የፈረሲቱን የፊት እግር አንስታ ብታይ፣ ስለታም ድንጋይ ኮቴዋ ውስጥ ተሰክቷል። ዙሪያው ደምቷል። በጣቷ ቀስ አድርጋ እያወጣችው፣ ቀና ሳትል፣ "እኔም እዚያ ሳለሁ አንድ ጠዋት ወገቤን ይዞኝ መነሣት አቃተኝ። እመቤቲቱ ለግማ ነው ብላ መታችኝ። ምንሽን ነው ያመመሽ ያለኝ ሰው አልነበረም" አለችኝ።

"ይቅር በይኝ፣ እህቴ" አልኳት።

"እኔን ምን አደረጉኝ? እሷን ይበሉ እንጂ" አለች፣ ፈረሲቱን እያሳየችኝ።

እውነቷን ነው። የፈረሲቱን አንገት ዳብሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። የቀረውን መንገድ ዝናብ እየወረደብን ሦስታችንም በእግራችን ጨረስነው።